ጨረቃን አታሳምሩልን፦ ለሕፃናት የጠፈር መጻሕፍት አዘጋጆች ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ደራሲያን፣ ሠዓልያን፣ አርታኢዎችና አሳታሚዎች፣

እኔ ለልጆች ድምፄን ከፍ አድርጌ መጽሐፍ የማነብ ሰው ነኝ። ሳይንቲስት አይደለሁም፤ ደራሲም አይደለሁም። ግን ስለ ጨረቃና ስለ ጠፈር ጉዞ ለልጆች የተዘጋጁ መጻሕፍት እጄ ላይ ብዙ ተገላብጠዋል። አንዳንዶቹን በቃሌ ልወጣቸው ምንም አልቀረኝም። ልጅ መጽሐፍ ከወደደ "ድገሚልን" ማለቱን አይተውምና።

ታዲያ ልጅ ሲነበብለት ጽሑፉን ብቻ አይሰማም። ሥዕሉን ይመረምራል። እናንተ በችኮላ ያለፋችሁትን ጥግ እሱ ጣቱን ቀስሮ ይጠይቅበታል። መልስ የማጣው ደግሞ እኔ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በዚሁ ምክንያት ነው።

ልመናዬ አንድ ነው። ጨረቃን አታሳምሩልን። ቢጫ፣ ፈገግ የምትል፣ እጅ ሲዘረጉላት የምትደረስ ጨረቃ ሠርታችሁ ሰጥታችሁናል። እውነተኛዋ ከዚህች በእጅጉ ትገርማለች። እሷን ስጡን።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላጥራ። ተረት አልጠላም። ጥንቸል ጨረቃ ላይ ትኑር፣ ልጅቷ በመሰላል ትውጣ፣ ድመቱ በካርቶን ሮኬት ይብረር። ደስ ይላል። የሚያናድደኝ ተረቱ አልቆ የመጨረሻው ገጽ ላይ "ይህን ታውቃላችሁ?" የሚል ሣጥን ይለጠፍና፣ ሣጥኑ ውስጥ የተጻፈው ራሱ ስህተት ሲሆን ነው። ተረቱን ያመነ ልጅ ሲያድግ ተረት መሆኑን ያውቃል። ሣጥኑን ያመነ ልጅ ግን እንደያዘው ያድጋል። እንዲህ ያደጉ ትልልቅ ሰዎችን እናንተም ሳታውቋቸው አትቀሩም።

በርቀቱ ልጀምር። ትልቁ ጥፋት ያለው እዚህ ነው። በአብዛኞቹ መጻሕፍት ምድርና ጨረቃ አንድ ገጽ ላይ ጎረቤት ሆነው ይሣላሉ። ሮኬቱ ከታች ይነሣል፣ ትንሽ ጭስ ይታያል፣ ገጹን ስንገልጥ ደርሷል። በእውነቱ ግን ሁለቱ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ። በመካከላቸው 30 ምድሮችን መደርደር ይቻላል። ምድርን የቅርጫት ኳስ ብናደርጋት ጨረቃ የቴኒስ ኳስ ታክላለች። ልጆችን "ሁለቱን ኳሶች ምን ያህል እናራርቃቸው?" ብዬ ስጠይቅ አንድ ክንድ ያህል ያራርቋቸዋል። ከመጻሕፍቱ ያዩት እሱን ነዋ! ትክክለኛው ሰባት ሜትር ገደማ ነው። የቴኒስ ኳሱን የያዘው ልጅ "አሁንስ? አሁንስ?" እያለ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜ ክፍሉ አይበቃውም።

ከዚያ ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል። ጠፈርተኞች የሚኖሩበት ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያስ የት ነው? ልጆቹ መሃል መንገድ ላይ ያስቀምጡታል። ጣቢያው የሚዞረው በ400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ነው። በኛ ልኬት ከቅርጫት ኳሱ አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይርቅም። ይህን ሲያዩ ዝም ይላሉ። ጨረቃ ላይ መውጣት ምን ያህል ከባድ ነገር እንደነበር በዚያች ቅጽበት ይገባቸዋል፤ እኔ አንድም ቃል ሳልጨምር።

"ይህ በመጽሐፍ ገጽ ላይ አይሣልም" ትሉ ይሆናል። ይሣላል እንጂ። ምድርን አንድ ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ግራ ዳር ላይ ሣሏት። ጨረቃ ሦስት ሚሊ ሜትር እንኳ አትሞላም። እሷን ቀኝ ዳር፣ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ አስቀምጧት። ሁለት ትልልቅ ገጾች ተዘርግተው ይበቃሉ። መሃሉን ጥቁር አድርጋችሁ ተዉት። ፕላኔት አትጨምሩ፣ ጭራ ኮከብ አታሳልፉ፣ ዓይን ያላት ሮኬት አታስገቡ። ሠዓሊው "ባዶ ገጽ ሠርቶ ገንዘብ ተቀበለ" እንዳይባል ሊፈራ ይችላል። አይፍራ፤ ከመጽሐፉ ሁሉ በጣም የሚታየው ያ ገጽ ይሆናል።

ርቀቱ ከተሳለ ጊዜውም ይከተላል። ሰዎችን ለመጀመሪያ ጊዜ ጨረቃ ላይ ያሳረፈው የአሜሪካው አፖሎ 11 የተነሣው ጁላይ 16 ቀን 1969 ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሦስት ቀን ተጉዞ የጨረቃ ምሕዋር ውስጥ ገባ፤ በማግስቱ ጁላይ 20 ከተጓዙት ሦስት ሰዎች ሁለቱ ጨረቃ ላይ አረፉ። ታዲያ እነዚያ ሦስት ቀናት መጽሐፋችሁ ውስጥ የት ገቡ? ሰዎቹ በልተዋል፣ ተኝተዋል፣ መሣሪያ ሲቆጣጠሩ ውለዋል። መንኮራኩራቸውም ቀስ እያለች በራሷ ዙሪያ ትሽከረከር ነበር፤ አንዱ ጎኗ በፀሐይ እንዳይግል፣ ሌላው ደግሞ እንዳይቀዘቅዝ። ለልጅ ይህ አሰልቺ አይደለም። ረጅም መንገድ ሄዶ "ደረስን ወይ?" ያላለ ልጅ የለም፤ ስሜቱን ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ስለ ሮኬቱም አንድ ነገር ልበል። መጽሐፎቻችሁ ውስጥ ሮኬቱ እንዳለ ሄዶ፣ እንዳለ ቆሞ፣ እንዳለ ይመለሳል። ከዚህ ይልቅ እውነተኛውን ታሪክ ብትነግሯቸው እንዴት እንደሚስቁ ባያችሁ! እነሱን ያስወነጨፈው ሮኬት ሳተርን 5 የ110 ሜትር ግንብ ነበር። ክብደቱ 3,000 ቶን ገደማ ሲሆን አብዛኛው ነዳጅ ነው። ይህ ሁሉ በየደረጃው እየተቆረጠ ይጣላል። ጨረቃ ላይ ያረፈችው ኢግል የምትባል አራት እግር ያላት ትንሽ መንኮራኩር ናት። መቀመጫ እንኳ አልነበራትም። ክብደት ለመቀነስ ሲባል ተነሥቷል፤ ኒል አርምስትሮንግና በዝ አልድሪን ቆመው ነው ያሳረፏት። ሲነሡ ደግሞ የታችኛው ግማሿን፣ እግሮቿን ጨምሮ፣ ጥለውት ሄዱ። ዛሬም እዚያው ነው። መጨረሻ ላይ ምድር የደረሰችው ሦስት ሰው የያዘች ሾጣጣ ክፍል ብቻ ናት፤ በፓራሹት ወርዳ ውቅያኖስ ላይ ዘፍ አለች። ግንቡ ሄዶ ክዳኑ ተመለሰ ማለት ነው። ይህን ታሪክ የሚያሳዩ ሥዕሎች በየገጹ እያነሱ ቢሄዱ ልጁ ራሱ ይቆጥራቸዋል።

ሦስት ሰው አልኩ። ሦስተኛው ማይክል ኮሊንስ ነው። በብዙ መጽሐፍ ውስጥ ስሙ አንድ ጊዜ ይጠራል፤ ከዚያ ይጠፋል። ልጆች ግን ይፈልጉታል። "ለምን አልወረደም? ተቀጥቶ ነው?" ያለኝ ልጅ አለ። ኮሊንስ ዋናዋን መንኮራኩር ይዞ ጨረቃን ብቻውን ይዞር ነበር። እያንዳንዱ ዙር ላይ ከጨረቃ ጀርባ ሲገባ፣ 48 ደቂቃ ያህል ከማንም ጋር የሬዲዮ ግንኙነት አልነበረውም። እሱ ባይኖር ሁለቱም አይመለሱም። አንድ ሙሉ ገጽ ቢሰጠው ምን ይጎዳል? እንዲያውም መጽሐፉን በሙሉ በሱ ዓይን ጻፉት። እኔ ብሆን እንደዚያ አደርግ ነበር።

እዚህ ላይ ለሠዓልያን አንድ ማስታወሻ። ጨረቃ ላይ የቆመውን ሰው ታዋቂ ፎቶ አይታችሁ ትሥሉና ከሥሩ "አርምስትሮንግ" ተብሎ ይታተማል። ፎቶው ላይ ያለው አልድሪን ነው። ካሜራው አብዛኛውን ጊዜ አርምስትሮንግ እጅ ላይ ስለነበር የሱ ጥሩ ፎቶ ብዙም የለም። ቤተሰብ ፎቶ ሲነሣ ሁልጊዜ የሚያነሣው ሰው የማይታይበትን ምክንያት ልጆች ያውቃሉ። ንገሯቸው።

አሁን ወደ ጨረቃዋ ራሷ ልምጣ። ቢጫ አይደለችም። ነጭም አይደለችም። ጥቁር ግራጫ ናት፤ ከሚያርፍባት ብርሃን የምትመልሰው 12 በመቶ ገደማውን ብቻ ነው። ማታ የምታበራ የሚመስለን ዙሪያዋ ጨለማ ስለሆነ ነው። ከሁሉ በላይ ግን አቧራዋን እንዴት ትተውታላችሁ? የጨረቃ ታሪክ እኮ የአቧራ ታሪክ ነው። ንፋስና ውኃ ስለሌለ የአቧራው ቅንጣት አይለዝብም፤ ስለታም ሆኖ ይቀራል። ልብስ ላይ ይጣበቃል፣ መገጣጠሚያ ውስጥ ይገባል፣ ሲያራግፉት አይለቅም። በዲሴምበር 1972 በአፖሎ 17 የሄደው ሃሪሰን ሽሚት የጂኦሎጂ ባለሙያ ነበር። መንኮራኩሯ ውስጥ ገብቶ የራስ ቁሩን ሲያወልቅ አቧራው አፍንጫውን ዘጋው፤ ልክ አለርጂ እንዳለበት ሰው አደረገው። ጠፈርተኞቹ ሽታውን የተተኮሰ ባሩድ ሽታ ነው ብለውታል።

ጨረቃ ትሸታለች! ይህን ለልጆች ስነግር ክፍሉ ይረበሻል። ግማሹ "እኔ ማሽተት እፈልጋለሁ"፣ ግማሹ "እፍ!" ይላል። ይህን የያዘ የሕፃናት መጽሐፍ ግን ብዙም አላገኘሁም። ፈገግ የምትል ጨረቃ ግን ሞልታለች።

ስለ መንሳፈፍም ትንሽ ልበል። "ጨረቃ ላይ ስበት የለም፣ ሰው ይንሳፈፋል" የሚል ገጽ ካላችሁ እባካችሁ ቀይሩት። የጨረቃ ስበት የምድርን ስድስተኛ ያህል ነው። ምድር ላይ 24 ኪሎ የምትመዝን ልጅ እዚያ በሚዛን ብትወጣ 4 ኪሎ ታሳያለች። ትዘላለች፣ ቀስ ብላ ግን ትወድቃለች። ጠፈርተኞቹም ወድቀዋል፤ በግንባራቸው የተደፉ አሉ፣ ቪዲዮው ላይ ይታያል። ስለ ስበት የተሠራው ምርጥ ትዕይንት ደግሞ በኦገስት 1971 የተደረገው ነው። የአፖሎ 15 አዛዥ ዴቪድ ስኮት በአንድ እጁ መዶሻ፣ በሌላው ላባ ይዞ እኩል ለቀቃቸው። አየር ስለሌለ እኩል መሬት ነኩ። ልጁ ይህን ካየ በኋላ በራሱ ክፍል ድንጋይና ላባ ይዞ ይሞክራል፤ እኩል አይወድቁለትም፤ ለምን እንደሆነ ይጠይቃል። ከዚህ የተሻለ የመጽሐፍ ገጽ ከየት ይመጣል?

ስለ "ጨለማው ጎን" አንድ ሁለት ቃል። ጨረቃ ሁልጊዜ የምታሳየን አንድ ፊቷን ነው፤ ምድርን አንዴ በምትዞርበት ጊዜ በራሷም ዛቢያ አንዴ ስለምትዞር። የማናየው ጎን ግን ፀሐይ ይወጣለታል። ሁለት ሳምንት ገደማ ቀን፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ሌሊት ነው፤ ልክ እንደ ወዲህኛው ጎን። ስለዚህ "የማይታየው ጎን" በሉት። በኦክቶበር 1959 ሉና 3 የምትባል የሶቪየት መንኮራኩር ፎቶ እስክታነሣው ድረስ አንድም ሰው አይቶት አያውቅም ነበር። በጃንዋሪ 2019 የቻይናዋ ቻንግ-ኤ 4 እዚያ አረፈች፤ የያዘችው ተሽከርካሪ ዩቱ-2 የጨረቃ ሌሊት ሲመጣ ኃይል ቆጥባ ትተኛ፣ ሲነጋ ትነሣ ነበር። ስሟን ያገኘችው በቻይና ተረት ጨረቃ ላይ ከሚኖረው ጥንቸል ነው። ይኸውላችሁ፤ ተረትና እውነት ሳይጣሉ አንድ ገጽ ላይ ሲገቡ እንዲህ ነው።

የጨረቃ መጉደልና መሙላት የምድር ጥላ አይደለም፤ ጥላው የሚመጣው በግርዶሽ ጊዜ ብቻ ነው። ይህን በብዕር ሰርዛችሁ ብታስተካክሉ ይበቃል። ሰማዩ ላይ ስለምትበትኗቸው ኮከቦችም ብዙ አልጨቃጨቅም። ኮከቦቹ አሉ። ፎቶዎቹ ላይ ያልታዩት ካሜራው ለደማቁ የጨረቃ መሬት ተስተካክሎ ስለነበር ነው።

አሁን ወደምትሸሹት ነገር ልግባ። ሽንት ቤት! ይህን ያልጠየቀ ልጅ አላየሁም። የመጀመሪያው ጥያቄ ካልሆነ ሁለተኛው ነው። እናንተ ግን ነውር መስሏችሁ ታልፉታላችሁ። የአፖሎ ጠፈርተኞች ለትልቁ ጉዳይ የሚጣበቅ የላስቲክ ከረጢት ነበራቸው፤ በጣም ይጠሉት ነበር። ከጠፈር ልብሱ በታች ደግሞ እንደ ዳይፐር ያለ ነገር ይለበሳል። ዛሬ የጠፈር ጣቢያው ላይ ሽንት ተጣርቶ ተመልሶ የሚጠጣ ውኃ ይሆናል። ይህን ስነግራቸው የሚፈጠረውን ጩኸት በጽሑፍ ልገልጸው አልችልም። ከጩኸቱ በኋላ ግን "እንዴት ይጣራል?" ይመጣል። ሳይንስ ወደ ልጅ ጭንቅላት በየትኛው በር እንደሚገባ አይታወቅም፤ ይህኛውን በር አትዝጉት።

ሌላው የምትሸሹት ሞት ነው። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር፤ ይቅርታ ይደረግልኝ። ላይካን በተመለከተ የተጻፉ የልጆች ታሪኮች ውስጥ ውሻዋ ከኮከቦች መሃል ትጫወታለች፣ ወይ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፣ ወይ ምንም ሳይባል መጽሐፉ ያልቃል። ላይካ ከሞስኮ ጎዳና የተወሰደች ውሻ ነበረች። ኖቬምበር 3 ቀን 1957 ስፑትኒክ 2 በምትባል የሶቪየት መንኮራኩር ወደ ጠፈር ተላከች። መጀመሪያውኑ መመለሻ አልተሠራላትም። ለብዙ ዓመታት ቀናት ቆይታ ያለ ሥቃይ እንደሞተች ሲነገር ኖረ። በ2002 ግን በተነሣች በሰዓታት ውስጥ በሙቀት መሞቷ ተገለጸ። ለአራት ዓመት ልጅ ሙቀቱን ዘርዝሩለት አልልም። "አልተመለሰችም" ማለት ግን ይቻላል። ልጆች ያዝናሉ፣ ይቆጣሉም። "ማን ነው የላካት?" ይላሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ትልልቆቹም ያኔ ጠይቀውታል። ልጁ ኋላ እውነቱን ከሌላ ቦታ ሲሰማ መጽሐፋችሁንም እኔንም አያምንም።

ማስደሰት ከፈለጋችሁ በሕይወት የተመለሱ እንስሳት አሉላችሁ። በልካና ስትሬልካ የተባሉት ውሾች በኦገስት 1960 ምድርን ዞረው በሰላም ወርደዋል። ከሁሉ የምወዳቸው ግን ኤሊዎቹን ነው። በሴፕቴምበር 1968 ዞንድ 5 የምትባል የሶቪየት መንኮራኩር ሁለት ኤሊዎችና ሌሎች ጥቃቅን ፍጥረታት ይዛ ጨረቃን ዞረች፤ ተመልሳም ሕንድ ውቅያኖስ ላይ በሕይወት አደረሰቻቸው። አፖሎ 8 ሰዎችን ይዞ እዚያ የደረሰው ከሦስት ወር በኋላ ነው። አስቡት እንጂ፤ ወደ ጨረቃ በተደረገው እሽቅድምድም ኤሊ ሰውን ቀደመ! ይህን ታሪክ በጥሩ ሥዕል ያሳተመ ሰው ቢያንስ አንድ ገዢ አለው፤ እኔ።

ጀግና ስለምትሏቸውም ሰዎች ቅሬታ አለኝ። የምትሥሉት አንድ ሰው፣ አንድ ባንዲራ፣ አንድ እርምጃ ነው። ለአፖሎ የሠሩት ሰዎች ወደ 400,000 ይደርሳሉ ይባላል። ሁሉንም ሣሉ አላልኩም። ጥቂቶቹን ግን አምጡልን። የመንኮራኩሯን ኮምፒውተር ፕሮግራም ያዘጋጀውን ቡድን የመራችው ማርጋሬት ሃሚልተን ናት። የታተመው ፕሮግራም ተደርድሮ ቁመቷን ሲያክል አጠገቡ ቆማ የተነሣችው ፎቶ አለ፤ ልጆች መጀመሪያ "ይህን ሁሉ በእጇ ጻፈችው?" ይላሉ። ኢግል ልታርፍ ደቂቃዎች ሲቀሯት ኮምፒውተሩ ሥራ በዝቶበት የማስጠንቀቂያ ቁጥር ማሳየት ጀመረ፤ 1202 የሚል። ፕሮግራሙ የተሠራው እንዲህ ሲሆን ትንንሹን ሥራ ጥሎ ዋናውን እንዲይዝ ነበር። ያዘም። ማረፉ ቀጠለ። ከጀብዱ ታሪክ ይህ ምን ይጎድለዋል?

የጠፈር ልብሱን የሰፉት ሴቶችስ? ድርጅታቸው በሌላ ክፍሉ የሴቶች የውስጥ ልብስ ይሠራ ነበር። ብዙ ንብርብር ያለውን ልብስ በስፌት መኪና እየሰፉ፣ ስፌቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ እንዲዛነፍ አይፈቀድላቸውም ነበር። አንዲት ረስታ የተወቻት መርፌ ሰው ልትገድል ትችል ነበር። ሮኬት የማያጓጓው ልጅም አለ። መቀስና ጨርቅ የሚወድ ልጅ "እኔም የጨረቃ ሰው መሆን እችላለሁ" የሚለው በዚህ ገጽ ነው።

ውድቀትንም ጻፉ። መጽሐፎቻችሁ ውስጥ ሁሉም ነገር በመጀመሪያው ሙከራ ይሳካል። የሕንድ ቪክራም የምትባል ማረፊያ በሴፕቴምበር 2019 ልታርፍ ስትል ተከሰከሰች። አጥንተው፣ አስተካክለው፣ በዚያው ስም ሌላ ሠሩ፤ አዲሷ ቪክራም ቻንድራያን-3 በተባለው ጉዞ ኦገስት 23 ቀን 2023 ጨረቃ ደቡብ ዋልታ አቅራቢያ በሰላም አረፈች። የጃፓኗ ስሊም ደግሞ በጃንዋሪ 2024 ያረፈችው በአፍንጫዋ ተደፍታ ነው። እንዲያም ሆና ሠርታለች። ልጆች ስሊምን እንዴት እንደሚወዷት! ተዘቅዝቃ የምትሠራ መንኮራኩር ለመሣል ፈጠራ እንኳ አያስፈልግም፤ እንዳለች መሣል ነው።

መጨረሻ ላይ ያስቀረሁት ለአሳታሚዎች ነው። መጽሐፎቻችሁ ታሪኩን በባንዲራው ይዘጉታል። "ሰው ጨረቃን ረገጠ። አለቀ።" ልጁ "ከዚያስ?" ይላል፤ ገጹ አልቋል። ከ1969 እስከ 1972 ድረስ ስድስት ጊዜ ታርፎባት 12 ሰዎች ረግጠዋታል፤ ሁሉም ወንዶች ነበሩ። 382 ኪሎ ግራም አለትና አፈር አምጥተዋል። ከዚያ ገንዘቡም የፖለቲካ ፍላጎቱም ቀነሰና ቆመ፤ የታቀዱት ቀሪ ጉዞዎች ተሰረዙ። ይህን መናገር ያሳፍራል እንዴ? አፖሎ 11 የተወው አንጸባራቂ መስታወት ዛሬም ይሠራል፤ ከምድር ሌዘር እየተላከበት ርቀቱ ይለካል። ጨረቃ በየዓመቱ 3.8 ሴንቲ ሜትር ያህል እየራቀችን እንደሆነ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ቻንግ-ኤ 6 በጁን 2024 ከማይታየው ጎን አፈር ይዛ ተመልሳለች፤ በታሪክ የመጀመሪያው ነው። ታሪኩ እየቀጠለ ነው እኮ።

የድሮ መጽሐፍ እንደገና ስታትሙም ውስጡን እዩት። "ጨረቃ ላይ ጠብታ ውኃ የለም" የሚሉ አሁንም ይሸጣሉ። ከ2009 ጀምሮ በታተሙ ግኝቶች፣ ፀሐይ ፈጽሞ በማይደርስባቸው የዋልታ ጉድጓዶች ውስጥ በረዶ እንዳለ ይታወቃል። አዲስ ሽፋን ማልበስ ማደስ አይደለም። ሌላው ቢቀር ጽሑፉ የተዘጋጀበትን ዓመት ልጅ ሊያነበው በሚችል ትልቅ ፊደል የመጀመሪያው ገጽ ላይ አስቀምጡ። "በቅርቡ ሰው ወደ ጨረቃ ይመለሳል" የሚለው ዓረፍተ ነገር ከመቼ ጀምሮ እንደተጻፈ እንድናውቅ ያህል።

እና አንድ ትንሽ ነገር፤ ቃለ አጋኖውን ቀንሱት። በየዓረፍተ ነገሩ "ዋው!" እየተባለ ሲነበብ ጉሮሮ ይደክማል። ነገሩ ራሱ የሚያስደንቅ ከሆነ ልጁ ይልላችኋል። (እኔም እዚህ ደብዳቤ ላይ አብዝቼዋለሁ፤ ለእኔ ግን ሥዕል የለኝም።)

ከማተማችሁ በፊት ረቂቁን ለጥቂት ልጆች አንብቡላቸው። ለጓደኛችሁ ልጅ ብቻ ሳይሆን ለማያውቋችሁ ልጆች። "ወደዳችሁት?" ብላችሁ አትጠይቋቸው፤ ሁሉም "አዎ" ይላሉ። ዝም ብላችሁ የሚጠይቁትን ጻፉ። እነዚያ ጥያቄዎች የጎደሉት ገጾች ናቸው። ይህን የምታደርጉበት ጊዜ ወይ ሰው ካጣችሁ ረቂቁን ለእኔ ላኩልኝ። ያለ ክፍያ አነብላቸዋለሁ። የጠየቁትንም ሳልቀንስ ሳልጨምር፣ የሽንት ቤቱን ጨምሮ፣ ጽፌ እልክላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ለልጆች የምታነብ አንዲት ሴት